የመኪና ኤሲ ሞቅ ያለ አየር ሲነፋ፦ «ጋዝ ሙላልኝ» ከማለት በፊት የሚታዩ ነገሮች

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሰመራ የሚወርድ ሰው የኤሲውን ጤንነት የሚያውቀው ብዙ ጊዜ መተሐራ አካባቢ ሲደርስ ነው። ደጋ ላይ ሳለ መስኮት ከፍቶ ይነዳ ነበር፤ ወይም ኤሲው የሚሰጠው ትንሽ ቅዝቃዜ በቂ መስሎት ነበር። ቆላ ሲገባ ግን ከዳሽቦርዱ የሚወጣው ንፋስ ከውጪው አየር ብዙም አይለይም። ሲመለስ ጋራዥ ገብቶ «ጋዝ ሙላልኝ» ይላል። ይሞላለታል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ይሞቃል።

የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ለዓመታት ያንኑ ሥራ ይሠራል። በጎማ ቱቦዎቹ በኩል በዓመት ጥቂት ግራም ሊሰርግ ይችላል፤ በወራት ውስጥ ኤሲውን እስኪያሞቅ ከጎደለ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ደግሞም ሞቅ ያለ ንፋስ ሁልጊዜ የጋዝ ጉድለት ምልክት አይደለም። የተቃጠለ ፊውዝም፣ የማይዞር ፋንም፣ ዳሽቦርድ ውስጥ የተጣበቀ የሙቀት በርም ለተሳፋሪው የሚሰጡት ስሜት አንድ ነው። ስለዚህ ምርመራው ምንም ወጪ ከሌለው ተጀምሮ መሣሪያ ወደሚጠይቀው ቢሄድ ይሻላል።

ቅዝቃዜው ከየት ይመጣል

በራሰ ጆንያ የተጠቀለለ ጄሪካን ውሃው ቆላ ውስጥ እንኳ የሚቀዘቅዘው፣ የጆንያው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ኤሲም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ የተነነውን ሰብስቦ እንደገና ፈሳሽ ማድረጉ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው ጋዝ ይግላል። ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጪው አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ እርጥበትና ቆሻሻ በሚያስቀረው ማድረቂያ አልፎ ኤክስፓንሽን ቫልቭ ወደሚባለው ጠባብ ቀዳዳ ይደርሳል። ቀዳዳውን ሲሻገር ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወርድና ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ይተናል፤ ሲተንም የካቢኑን ሙቀት ይወስዳል። ኤሲ እየሠራ ከመኪናው ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ንጹሕ ውሃ ኢቫፖሬተሩ ላይ ከአየር የተለየ እርጥበት ነውና አያስጨንቅም።

ኮፈኑ ሳይከፈት

ሞተሩን ያስነሡ፣ ኤሲውን ያብሩ፣ ሙቀቱን የመጨረሻው ቅዝቃዜ ላይ፣ ንፋሱን ከፍተኛው ላይ ያድርጉ፤ የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍም ይጫኑ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ከሆነ መጀመሪያ መስኮቶቹን ከፍተው የታፈነውን ሙቀት ያስወጡ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተራ ቴርሞሜትር በመሀለኛው የንፋስ መውጫ ውስጥ ያስገቡ። ውጪው ወደ 30 ዲግሪ ሲሆን ጤናማ ኤሲ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ያወጣል። ይህ መለኪያ ለደጋ ነዋሪ በተለይ ይጠቅማል፤ ውጪው 22 ዲግሪ በሆነበት ጋዙ የጎደለ ኤሲም 12 ወይም 14 ዲግሪ ሊያወጣ ይችላልና እጅ ይታለላል። አዋሽ ላይ ያ ኤሲ አቅሙ ያልቃል።

በመቀጠል የንፋሱን ኃይል ያስተውሉ። ንፋሱ ራሱ ደካማ ከሆነ ጉዳዩ ከጋዝ ጋር ላይገናኝ ይችላል። የካቢን ፊልተሩ በአብዛኞቹ መኪኖች ከጓንት ማስቀመጫው ጀርባ ነው፤ ማስቀመጫውን አውልቀው በአምስት ደቂቃ ያዩታል። በአቧራማ መንገድ የሚሄድ መኪና ፊልተር በጥቂት ወራት እንደ ስጋጃ ይደፈናል።

መቼ እንደሚሞቅ ማወቅ ደግሞ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል። መንገድ ላይ በፍጥነት ሲሄዱ የሚቀዘቅዝና መብራት ላይ ሲቆሙ የሚሞቅ ከሆነ ኮንደንሰሩ ሙቀቱን መጣል አቅቶታል፤ ፋኑ አይዞርም፣ ወይም ኮንደንሰሩ በአቧራና በነፍሳት ተሸፍኗል። ጥሩ ሲቀዘቅዝ ቆይቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ንፋሱ እየደከመ የሚሄድ ከሆነ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ሠርቶ የአየሩን መንገድ ዘግቷል። ይህን ለማረጋገጥ ኤሲውን አጥፍተው ንፋሱን ብቻ ለ15 ደቂቃ ይተዉት፤ ንፋሱ ከተመለሰ በረዶው ቀልጧል ማለት ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ የኢቫፖሬተሩን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የተደፈነ ፊልተር ወይም በመጠኑ የጎደለ ጋዝ ነው። ቀዝቅዞ የነበረው በድንገት ሞቆ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና የሚቀዘቅዝ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠርጠሩ፦ ሲሞቅ የሚለቅ ያረጀ የኮምፕሬሰር ክላች (ኮምፕሬሰሩን ከቤልቱ ጋር የሚያያይዘው ክፍል)፣ ወይም ሥርዓቱ ውስጥ ገብቶ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ የሚረጋ እርጥበት።

የኤሲ ቁልፉ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መኪናው ራሱ ነገር እየነገረዎት ነው። በብዙ ቶዮታዎች ይህ ማለት ኮምፕሬሰሩ ከሞተሩ እኩል እየዞረ እንዳልሆነ ኮምፒውተሩ አይቶ አጥፍቶታል ማለት ነው፤ የሚያንሸራትት ቤልት ወይም ሊያዝ የደረሰ ኮምፕሬሰር ሊሆን ይችላል።

ኮፈኑ ሲከፈት

መጀመሪያ ጥንቃቄ፦ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ረጅም የሹራብ እጅ ከሚዞር ቤልትና ፋን ይራቅ። ፋኑ ሳይታሰብ በራሱ ሊነሣ ይችላል።

አንድ ሰው ከውስጥ የኤሲ ቁልፉን ሲያበራና ሲያጠፋ እርስዎ ኮምፕሬሰሩን ይመልከቱ። ቤልቱ የሚያዞረው ፑሊ ሁልጊዜ ይዞራል፤ ኤሲው ሲበራ «ቀጭ» ብሎ ከፊቱ ያለው ክብ ሳህን አብሮ መዞር አለበት። ሳህኑ ቆሞ ፑሊው ብቻ ከዞረ ክላቹ አልያዘም። አዳዲስ መኪኖች ላይ ክላች የሌላቸው ኮምፕሬሰሮች ስላሉ እነሱ ላይ ይህ ምልክት አይሠራም፤ እነሱን በጌጅ (በጋዝ ግፊት መለኪያ) ወይም በኮምፒውተር ማየት ያስፈልጋል።

ክላቹ ካልያዘ ፊውዙን ይዩ፤ ከዚያ ሪሌውን (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውን ትንሽ ማብሪያ) ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ሌላ ሪሌ ጋር ይለዋውጡ፤ የጡሩንባው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ደኅና ከሆኑ ምናልባት ክላቹ ጤነኛ ሆኖ ትእዛዝ ያልደረሰው ነው። የግፊት ስዊቹ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ2 ባር ገደማ በታች ከሆነ ኮምፕሬሰሩ እንዳይነሣ ያደርጋል፤ ዘይቱን የሚያዞረው ጋዙ ስለሆነ ያለ ጋዝ የሚዞር ኮምፕሬሰር ይነክሳል። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ኮምፕሬሰሩን በግድ ማስነሣት፣ አንዳንድ ቦታ እንደሚደረገው፣ ደኅናውን ኮምፕሬሰር መግደል ነው። ክላቹን ብቻ ለመፈተን ሞተሩ ጠፍቶ ለገመዱ ቀጥታ 12 ቮልት ይስጡት፤ «ቀጭ» ካለ ሳህኑን በማግኔት የሚስበው የሽቦ ጥቅልል ደኅና ነው። በመልቲሜትር ሲለካ የጥቅልሉ ሬዚስታንስ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኦም ነው፤ ምንም የማያነብ ከሆነ ተበጥሷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያጣበትን ጉዳይ ላንሣ። ክላቹ ጠዋት ይይዛል፣ ሞተሩ ሲግል ይለቃል፤ «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» ይባላል። በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት በአብዛኛው ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባል። ሳህኑ እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይሰፋል፤ የጋለ ጥቅልል ደግሞ የመሳብ ኃይሉ ይቀንሳልና መሳብ ያቅተዋል። በፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) ለክተው ሰፍቶ ካገኙት የፊተኛውን ብሎን ፈትቶ ከሳህኑ ሥር ካሉት ስስ ሮንዴላዎች አንዱን ማውጣት ብቻ ሊበቃ ይችላል። ጋዝ አይነካም፣ ኮምፕሬሰር አይቀየርም።

ፋኑ ኤሲው ሲበራ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን፣ ሪሌውንና ራሱን ሞተሩን ይፈትኑ። ኮንደንሰሩ ከቆሸሸ ሞተሩ በርዶ ሳለ በቀስታ በሚፈስ ውሃ፣ ቢቻል ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ይታጠብ። በኃይለኛ የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ ቀርበው ከመቱት ስስ ክንፎቹ ይታጠፉና የአየሩን መንገድ ለዘለዓለም ይዘጋሉ።

ከዚያ ቱቦዎቹን በእጅ ይዳስሱ። ወፍራሙ ቱቦ ከኢቫፖሬተሩ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰው ነው፤ እንደ ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ በርዶ ሊያልበው ይገባል። ከኮምፕሬሰሩ ወደ ኮንደንሰሩ የሚሄደው ግን እጅ ስለሚያቃጥል በጥንቃቄ። ወፍራሙ ቱቦ በደንብ በርዶ ካቢኑ ውስጥ ሞቅ ያለ አየር የሚመጣ ከሆነ የጋዝ ሥርዓቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው። ቀዝቃዛውንና ሙቁን አየር የሚቀላቅለው በር በኬብል ወይም በትንሽ ሞተር ይንቀሳቀሳል፤ ኬብሉ ሲወልቅ ወይም የሞተሩ ጥርስ ሲበላ በሩ የማሞቂያው በኩል ላይ ይቀራል። ሙቀቱን ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ ሲያዞሩ ከዳሽቦርዱ ውስጥ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰሙ የተበላ ጥርስ ነው። ለእንዲህ ያለው መኪና ስንት ጊዜ ጋዝ ቢሞላለት አይቀዘቅዝም።

ጌጁ ምን ይላል

የጌጁ ሰማያዊ ቱቦ ለዝቅተኛው ግፊት፣ ቀዩ ለከፍተኛው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የሚነበበው ግፊት ጋዝ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይናገርም። ቱቦው ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ብቻ ነውና፣ አዲስ አበባ ላይ በ20 ዲግሪ 200 ግራም የያዘውም 500 ግራም የያዘውም ሁለቱም ወደ 70 ፒኤስአይ ያሳያሉ። «ጋዙ ሙሉ ነው፣ ይኸው ጌጁ» የሚባለው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ እየሠራ ይነበባል። የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች አር-134ኤ ለሚባለው የተለመደ የኤሲ ጋዝ የሚሰጡት ልክ፣ ሞተሩ 1500 ዙር ላይ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው አየር ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሆኖ፣ ዝቅተኛው ከ1.5 እስከ 2.5 ባር፣ ከፍተኛው ከ14 እስከ 16 ባር ገደማ ነው። በፒኤስአይ ከ22 እስከ 36 እና ከ200 እስከ 230 አካባቢ ማለት ነው። በቀዝቃዛ ቀን ከፍተኛው ከዚህ ቢያንስ አያስገርምም።

ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ ጎድሏል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ወይ ጋዝ በዝቷል፣ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ ኮንደንሰሩ አየር አያገኝም፤ ኮንደንሰሩ ላይ ውሃ ሲፈስበት ግፊቱ ወርዶ ንፋሱ ከቀዘቀዘ ፋኑን ወይም ቆሻሻውን ይያዙ። ዝቅተኛው ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ ብለው ሊገናኙ የተቃረቡ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ መጭመቅ አቅቶታል። ዝቅተኛው ከዜሮ በታች ወርዶ የሚቀር ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ።

ጋዝ ሲበዛም እንደሚሞቅ ብዙ ሰው አያውቅም። ትርፉ ፈሳሽ ኮንደንሰሩን ሞልቶ ለማቀዝቀዝ የሚሆን ቦታ ያሳጣል። ስለዚህ «ትንሽ ጨምርበት» መፍትሔ ላይሆን፣ ጭራሽ ሊያባብስ ይችላል።

ቀዳዳውን መፈለግ

ጋዙ ሲያፈስ ዘይት ይዞ ይወጣል። ቅባት የያዘ አቧራ የተጋገረበት መጋጠሚያ ካገኙ ግማሹን ሥራ ጨርሰዋል። የታወቁት ቦታዎች የመሙያ ቫልቮቹ፣ የቱቦ መጋጠሚያ ኦሪንጎች (የጎማ ቀለበቶች)፣ ጠጠር የሚመታው የኮንደንሰሩ ፊት፣ የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ማኅተምና ኢቫፖሬተሩ ናቸው። ቫልቮቹን በሳሙና ውሃ መፈተን የሰከንዶች ሥራ ነው፤ በውስጣቸው ያለችው ትንሽ ልብ እንደ ጎማ ቫልቭ ተፈትታ ትቀየራለች። ክዳኖቻቸው መጥፋት የለባቸውም። ለስውሩ ቀዳዳ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ከጋዙ ጋር ተጨምሮ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይታያል። ኦሪንግ ሲቀየር ለአር-134ኤ የተሠራው ዓይነት ይሁን፤ ሲገባም በኤሲ ዘይት ይረስ።

ባዶ የሆነ ሥርዓት በግፊት የሚፈተነው በደረቅ ናይትሮጅን ነው። በጎማ መንፊያ አየር መሙላት እርጥበት ያስገባል፤ ኦክስጅን ደግሞ ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ይችላል። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠውን ፈሳሽም አንመክርም፤ ቀዳዳውን ብቻ ሳይሆን ኤክስፓንሽን ቫልቩንም ሊደፍን ይችላል።

በትክክል መሙላት

ከተጠገነ በኋላ አየሩና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ይወጣል፤ ቢያንስ 30፣ ሥርዓቱ ተከፍቶ ከቆየ 45 ደቂቃና ከዚያ በላይ። ከዚያ ጌጁ ተዘግቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፤ መርፌው ከተመለሰ ገና ያፈሳል። ሥርዓቱ ለቀናት ተከፍቶ ከነበረ ማድረቂያው ይቀየር።

የጌጁ መርፌ የሚለካው ከአካባቢው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ጥሩ ፓምፕ መርፌውን ወደ 29 ኢንች ሜርኩሪ ያወርዳል፤ የመመሪያ መጻሕፍትም የሚሉት ይህንኑ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እዚህ መርፌው ከ22 እስከ 23 ኢንች ላይ ይቆማል፤ ፍጹም ቫኪዩም እንኳ ቢሆን ከዚያ አያልፍም። ይህን ያላወቀ መካኒክ ፓምፑ ደክሟል ወይም ቀዳዳ አለ ብሎ ቀኑን ሙሉ ይደክማል። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ ጂቡቲ ላይ 22 ኢንች ያነበበ መኪና ውስጥ ብዙ አየር ቀርቷል። ደግሞም እርጥበቱ የሚተነው ቱቦዎቹ ሞቅ ሲሉ ነው፤ በቀዝቃዛ የአዲስ አበባ ጠዋት ሞተሩን ትንሽ አሙቆ ቫኪዩሙን መጀመር ይረዳል።

ጋዙ በሚዛን ይሞላል፣ በግምት ወይም በጌጅ አይሞላም። ትክክለኛው መጠን ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል፤ ትንንሽ የቤት መኪኖች ብዙ ጊዜ ከ350 እስከ 550 ግራም ይይዛሉ። 50 ግራም ለእነዚህ ቀላል አይደለም። ሞተሩ እየሠራ ሲሞላ በዝቅተኛው በኩል፣ ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በጋዝ መልኩ ይግባ፤ ፈሳሽ ከገባ ኮምፕሬሰሩን ይሰብራል። እየሠራ ሳለ የቀዩን ጌጅ ቫልቭ ወደ ጠርሙሱ መክፈት ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላል። መነጽርና ጓንት ይደረግ፤ አር-134ኤ የሚፈላው በዜሮ በታች 26 ዲግሪ ስለሆነ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል።

የጋዙም ዓይነት ይጠየቅ። አር-134ኤ፣ አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ያለው አር-1234ዋይኤፍና የድሮዎቹ አር-12 አይቀላቀሉም። የሐሰት ጠርሙሶችም አሉ፤ በአር-134ኤ ስም የተሸጠ ሜቲል ክሎራይድ ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ በራሱ የሚቀጣጠል ነገር ይፈጥራል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው ሰው የሞተው በዚህ ነበር። የምግብ ማብሰያ ጋዝ መሙላትም ካቢኑ ውስጥ ተቀጣጣይ ነገር ማስገባት ነው። አሮጌውን ጋዝ ደግሞ ወደ አየር መልቀቅ አይገባም፤ አንድ ኪሎ አር-134ኤ በመቶ ዓመት ስሌት ከ1300 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ምድርን ያሞቃል።

ኮምፕሬሰር ሲቀየር፣ ሃይብሪድና ኤሌክትሪክ መኪኖች

ኮምፕሬሰር ውስጡ ተፈጭቶ ከሞተ የብረት ብናኙ ወደ ኮንደንሰሩ ገብቷል። የዛሬዎቹ ኮንደንሰሮች ቀዳዳቸው በጣም የጠበበ ስለሆነ ታጥበው አይጸዱም፤ ኮምፕሬሰሩ ብቻ ተቀይሮ ኮንደንሰሩ፣ ማድረቂያውና ኤክስፓንሽን ቫልቩ ከተተዉ አዲሱም በቅርቡ ይከተለዋል። ወጪው ያማል፤ ሁለት ጊዜ ማውጣት ግን ይበልጥ ያማል።

በአብዛኞቹ ሃይብሪድና (በነዳጅም በባትሪም የሚሄዱ) በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ኮምፕሬሰሩ በቤልት ሳይሆን በከፍተኛ ቮልቴጅ ይዞራል። ኢትዮጵያ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ስላቆመች እነዚህ በየጋራዡ እየበዙ ይመጣሉ። ብርቱካናማ ሽቦዎቻቸው ይገድላሉና ሥልጠናና የመከላከያ ጓንት የሌለው ሰው አይንካቸው። ዘይታቸውም ሌላ ነው፤ ቶዮታ ሃይብሪዶች ኤንዲ-11 የሚባለውን ዘይት ይጠቀማሉ። በተራ መኪኖች የተለመደው ፓግ የሚባለው የኤሲ ዘይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ትንሽ እንኳ ከተቀላቀለ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለውን መከለያ ያበላሻል፣ መኪናውም ስህተት አውጥቶ ሊቆም ይችላል። ተራ መኪኖች በሞሉበት ቱቦና ጌጅ እነዚህን መሙላት የሚከለከለው በቱቦው ውስጥ በቀረው ዘይት ምክንያት ነው።

ደጋ ለሚኖር ሰው ደግሞ አንድ ነገር፦ ኤሲ ለወራት ሳይሠራ ሲቀር የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ማኅተም ዘይት አጥቶ ይደርቅና ማፍሰስ ይጀምራል። በክረምትም ቢሆን በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ለ10 ደቂቃ ማብራት ይበቃዋል። ዝናብ ሲዘንብና የፊት መስታወቱ በጉም ሲሸፈን ኤሲውን ከሙቅ አየር ጋር አብረው ቢያበሩት እርጥበቱን ስለሚያደርቅ መስታወቱ በደቂቃ ይጠራል፤ ማኅተሙም ዘይቱን ያገኛል።